ማሲና የሙት ልጅ የሆነች ጊዜ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው፤

እንዴት ከረምሽልኝ? የኦክላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ታኒኤሉ ወገቤን አመመኝ እያለም ጀልባውን መግፋት አልተወም። ቤታችን ፊት ያለውን የእማዬን መቃብር፣ የሁለቱን ሕፃናት ልጆቼንም፣ ነጭ ቀለም ቀብተናቸዋል።

ስለ ማሲና ልጻፍልሽ። ስትሄጂ ቀሚስሽን ይዛ የምታለቅስ ነበረች፤ አሁን ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ይቺ ልጅሽ አንድ ሰው ሆና መኖር አይሆንላትም። መጀመሪያ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነች። የድስት ክዳን መሪ አድርጋ ግቢውን ስትዞር ትውልና፣ እኔ ውሃ ይዤ ሳልፍ፣ “እትዬ፣ ዕቃሽን ከመተላለፊያው አንሺ!” ትለኛለች።

ቀጥሎ ወንድ ልጅ ሆነች። ፀጉሯን በዓሣ ቢላዋ ቆርጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳሙ ነኝ አለች። እኔ ለፀጉሯ አለቀስኩ። ታኒኤሉ ግን ምንም ሳይመስለው፣ “ና እንጂ ሳሙ፣ ጀልባው ጥሎህ ሊሄድ ነው!” ብሎ ይዟት ወጣ። የዝናቡን ወራት “አንተ” እየተባለች ዓሣ ስታጠምድ ከረመች። ጎረቤቶቹ “ሳሙ፣ ሚስት እናጭልህ?” እያሉ ሲቀልዱባት፣ “መጀመሪያ ጀልባ ይኑረኝ” ትላቸው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነስታ ሳሙ ሄዷል አለችን። ወዴት ብንላት፣ “ሰለቸው” አለች። እሱ በሄደ ማግስት የፓስተሩ ሚስት ሆና፣ ባርኔጣ አድርጋ ማራገቢያ ይዛ፣ ዶሮዎቹን ስለ ሥነ ምግባር ስትመክር አገኘኋት።

እኔ በዚህ ሁሉ ተጨንቄ አላውቅም። ልጅ ልብስ እንደሚለካ ሰውንም ይለካል፤ የጠበበውን ያወልቃል።

ዘንድሮ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ተዛወረች። እዚያ የሚያውቃት ስላልነበረ ደስ አላት። ምን ሆነሽ ልትሄጂ ነው ብላት፣ ገና አላሰብኩም አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ እያጠብኩ ከመንገዱ ዝማሬ ሰማሁ። ብቅ ስል መምህራኑና የክፍሏ ልጆች ተሰልፈው ይመጣሉ። ከፊት መምህርቷ ኦሊታ ጥቁር ለብሳለች። ሁለት ሴቶች እንደ ደሴታችን ወግ የሐዘን ምንጣፍ ዘርግተው ይዘዋል። ከኋላ ጎደሬ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ የተጠበሰ አሳማ ሳይቀር ተሸክመዋል። ማን ሞተብኝ ብዬ ልብሱን ጥዬ ተነሳሁ። ገብተው ተቀመጡና አንድ ሽማግሌ መምህር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ስምሽን ጠርተው ነፍስሽን ይማር አሉ።

እህቴ፣ በሳሙና እጄ ፊቴን ይዤ ጮህኩ። አንቺ ሞተሽ ለእኔ ሳይነገረኝ የቀረ መሰለኝ። ታኒኤሉ ደግፎ ያዘኝ። ኦሊታ ደንግጣ፣ “ማሲና ናት እኮ የነገረችን! እናቴ ባሕር ማዶ ሞታለች፣ አክስቴ ፊት ግን ስሟን አታንሱ፣ ታለቅሳለች አለችን፤ ግን ሐዘንሽን ሳንደርስ መቅረት ነውር ሆኖብን ነው” አለች። ዞር ስል ማሲና ማንጎው ሥር ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ላድናት ብዬ መዋሸት ዳድቶኝ ነበር። ግን አንቺን በቁምሽ መቅበር እንዴት ይሆንልኛል? እህቴ ደህና ናት፤ ልጅቷ ናፍቆት ቢበረታባት ነው አልኳቸው። አንዱ ልጅ “ውሸታም!” ብሎ ጮኸባት። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መቱና፣ “ዝም በል አንተ! ለሐዘን የወጣ ምግብ ወደ ቤት አይመለስም። ሴትየዋ ካለች፣ ለዕድሜዋ እንብላው!” አሉ። ኦሊታ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አሳማውስ ጥሩ ነበር፤ ነፍስሽን ይማረውና።

ማሲና ግን አልቀመሰችም። እንግዶቹ ሲሄዱ ጀልባው ውስጥ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ሳልቆጣ አጠገቧ ተቀመጥኩና ለምን አልኳት።

ለካ በልደቷ ቀን፣ እኛ እንዳንሰማ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር በኦሊታ ስልክ ደውላልሽ ኖሯል። አንድ ሰው አነሳ። ስምሽን ጠርታ እናቴን አገናኘኝ አለችው። ክፉ ሰው አይደለም ትላለች፤ በለስላሳ ድምፅ ነው የመለሰላት። “ስሙስ የባለቤቴ ነው፤ ግን ቁጥር ተሳስተሻል የኔ ልጅ። እሷ ልጅ የላትም፤ የመጀመሪያችንን ገና እየጠበቅን ነው” አላት። ይቅርታ ጠይቃ ዘጋች።

“እሷ ልጅ ከሌላት እኔም እናት የለኝም ማለት ነው፤ ታዲያ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?” አለችኝ። ደግሞም፣ “የእሷ መሆን አልሆነልኝም። ያንቺ ልሁን?” አለች።

ይህን ቃል ከልጅ አፍ ለመስማት ምን ያህል ዘመን እንደጠበቅሁ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እቅፍ አደረግኋት።

የሕፃናት እሑድ ደርሷል። ነጭ ቀሚሷን ሰፍቼላታለሁ። ልጆቹ ጥቅሳቸውን ከማለታቸው በፊት ስማቸውንና የእናታቸውን ስም በጉባኤው ፊት ይናገራሉ። የማንን ልበል አለችኝ። ቀሚሱን የምተኩስ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋትና፣ የእናትሽን ነዋ አልኳት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በታኒኤሉ ስልክ ትደውልልሻለች። አንቺ ራስሽ አንሺው። ለሰውየው ምን እንደምትነግሪው አላስተምርሽም፤ ድምፁ ለስላሳ ነው ብላለች። ካላነሳሽውም አልረግምሽም። እኔ ከጎኗ ነኝ።

ጌታ በሰላም ያገላግልሽ፤ ምጥሽን ያቅልልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ያብቃልሽ። ስም ስታወጡለት፣ እህት እንዳለችው ንገሪው።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ