ከፈረስ የወደቀው ሰው

ይድረስ ለእታለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የወይራ ለቀማው እንዳደቀቀሽ አውቃለሁ። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ደክሞኛል እታለም፤ በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም ነው።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ገበያ ላይ አዲሱን የነሐስ ሳንቲም አይተሽ፣ የእኛ ወታደር ከፈረስ የወደቀውን የፋርስ ሰው በጦር ሲወጋ አይተሽ፣ «ድል አደረጉ፤ ልጄ ሊመጣ ነው» ብለሽ ክፍሉን ኖራ አስቀባሽለት። በግም አስረሽ እያደለብሽ ነው አሉ።

የዚያን ሳንቲም ማኅተም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙ አንጾኪያ የደረሰን ጦሩ ገና ኤፍራጥስን ሳይሻገር ነው። እኛ ሳንቲም መምቻ ቤት ድሉ ከጦርነቱ ይቀድማል። አለቃችን፣ «ቄሣር ሲሸነፍ የሚቀረጽ ምስል የለንም» እያለ ይቀልዳል። እኔም ያዘዙኝን ቀረጽኩ፤ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከልጅሽ ከማልኮስ ጋር የዘመተ ዚኖስ የሚባል ወታደር ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ። እኔ አጎቱ እዚህ እንደምሠራ ልጅሽ ነግሮት ኖሯል። የቀረጽኩትን ሳንቲም አሳየሁት። አገላብጦ አየውና፣ «አጎቴ፣ የወደቀውን ሰው ልብስ ተሳስተዋል። የእኛን ነበር ማልበስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የነገረኝ በደብዳቤ አይጻፍም።

ማልኮስን እዚህ አስገባልኝ ብለሽ እግሬ ላይ ወድቀሽ ነበር። እምቢ አልኩሽ። ሳንቲም መምቻ የገባ ሰው ሕጉ እንደሆነ አይለቀውም፤ እሱም ልጆቹም እዚሁ አርጅተው ይሞታሉ። ይሄ ልጅ እንደኔ ጢስ ሲውጥ አይኑር፣ ጦሩ ውስጥ ይግባ፣ አገልግሎ ሲወጣ የራሱ ሰው ይሆናል ብዬ ያሳመንኩሽ እኔ ነኝ። ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ብትረግሚኝም አልቀየምሽም።

ለማልኮስ የታጨችውን የታቢታን አባት አስጠሪያቸውና ልጃቸውን ለሌላ ይዳሯት። ገና ልጅ ናት፤ አትጠብቅ። ቄስ ባርላሃ ይህን ሲያነቡልሽ ጎረቤቶችሽ አጠገብሽ እንዲሆኑ ለብቻቸው ልኬባቸዋለሁ። እኔ ከከተማው ለመውጣት ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። ነገም እጠይቃለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እታለም።

እምቢ ያለሽ ታናሽ ወንድምሽ