ያለ መረብ የዞረው መጎተቻ

ለውድ ወንድምጋሼ ኤይሊፍ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለህ? ማሪትስ? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን። የአባባም ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። እኔን ግን ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው፤ የምጽፍልህም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአጎታችን ልጅ ኦድቫር የአባባን ጀልባ በስሜ አዙሩልኝ ማለቱን ታውቃለህ። ግማሿ ያንተ ስለሆነች፣ የላክንልህ ወረቀት የሚጠብቀው ፊርማህን ብቻ ነው። አባባ ግን፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን አብሬው ልውጣ፤ እንዴት እንደሚይዛት በዓይኔ ልይ» አሉ። ማክሰኞ ዕለት ዐሥራ አንድ ጎብኚዎች አሳፍሮ ኦርካዎቹን፣ እነዚያን ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች፣ ሊያሳይ ሲወጣ፣ አባባን ደግፌ እኔም ተሳፈርኩ።

አባባ እንዴት እንዳስተማሩን አትረሳም፦ ሞተር አጥፍቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ከፈለጉ ይመጣሉ፤ ካልፈለጉም ባሕሩ የእነሱ ነው። ኦድቫር ሩብ ሰዓት እንኳ አልታገሠም። «ኧረ አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ውሃ ሊያዩ አልመጡም» ብሎ ሄደና የመረብ መጎተቻውን ማሽን አስነሳው። መረብ የለ፣ ሄሪንግ ዓሣ የለ፤ ባዶውን እያጓራ ይዞር ጀመር።

እነሱም መጡልህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ መጎተቻ ሲያጓራ ከአባባ መረብ የሚፈሰውን ሄሪንግ ሲለቅሙ የኖሩ ናቸውና እንዴት አይመጡ። ዘጠኝ ነበሩ፤ የጀርባ ክንፏ ጫፉ የተቆረሰው አሮጊት ከነልጇ አለችበት። ጀልባዋን ሦስት ጊዜ ዞሯት። አሮጊቷ በጎኗ ተጋድማ ቀና ብላ አየችን። ጎብኚዎቹ ያጨበጭባሉ፤ ኦድቫር «አየህ አጎቴ፣ ስጠራቸው ከተፍ ነው» እያለ ይገለፍጣል። ጥርሱን ማየት ቀፈፈኝ። ጎረቤትን እራት ጠርቶ ባዶ ሰሃን ማቅረብ በእኛ መንደር መቼ ታይቶ ያውቃል?

አባባ የምሳ ሳጥናቸውን ከፍተው ዳቦው ላይ የነበሩትን ሁለት የሄሪንግ ቁራጮች አንስተው ባሕሩ ውስጥ ጣሉ። ኮምጣጤ የጠጣ ዓሣ ማን ይነካዋል፤ ሰመጠ። ኦድቫር ሳቀ። ኦርካዎቹም ትንሽ ቆይተው ሄዱ።

ከወደቡ እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እኔ መስያቸው እኮ ነው የመጡት» አሉኝ።

ስለዚህ ወንድምጋሼ፣ እንዳትፈርም። ጀልባዋ ዳር ቆማ ብትበሰብስ ይሻለኛል። ኦድቫር ቢደውልልህ እኔ ነኝ የከለከልኩት በለው፤ እኔን ይጥላኝ።

ማሪትን ጉንጯን ሳምልኝ። ኢቫርን፣ አባባ ስለ ፈተናው ጠይቀዋል በለው። የትንሿ ሲግኔ ሥዕል የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባባም ሰላም ብለውሃል። የመጎተቻውን ማስነሻ እጀታ ነቅለው አምጥተውታል፤ ኦድቫር መንደሩን ሁሉ እያመሰ ሲፈልገው፣ እሳቸው ትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ።

እህትህ ቦርግኒ
ሸርቮይ፣ ኖርዌይ
ኖቬምበር 22 ቀን 2019