ሎሚህን ያሰጠመው ውሃ

ለውዱ ባሌ ለሰይድ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህና፣

ከተለየኸን ሦስት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህና ስህተቱን ዝም ብለህ እለፈው። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። እህትህ ዘሃራ እኔው ዘንድ ሆና ማሽላውን ከወፍ ትጠብቅልኛለች። ናፍቀኸኛል። ሎሚህ ግን ሊያስገድለኝ ነበር።

ጣሊያኖቹ መሣሪያ አስረክቡ ያሉ ሰሞን አንተ ከሎሚው ሥር ስትቆፍር፣ እኔ አፈሩን በሰሌን ስቀበልህ ትዝ ይልሃል? ጠመንጃህን በላም ቆዳ ጠቅልለህ ቀበርከውና ለእህትህም እንዳልነግር አስማልከኝ። ከአርበኞቹ ጋር ጫካ የገባው ወንድምህ መጥቶ እስኪወስደው አደራው እኔ ላይ ወደቀ።

ከቀብርህ ወር ሳይሞላ የሎሚው ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ አበባውም ረገፈ። የጣሊያኖቹ ሰፈር የካምቦው ሹም ደግሞ በየሳምንቱ ሎሚ የሚያስለቅመው ከእኛ ደጅ ነው። አስተርጓሚው መጣና፣ ሹሙ ሰኞ አካፋ የያዙ ሰዎች ይዞ ይመጣል፣ ሥሩን አስቆፍሮ በሽታውን ያያል አለኝ። መሣሪያ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ሁለታችንም አይተናል።

የነበረኝ አምስት ቀን ነው። አንተ ታደርግ እንደነበረው ቅጠሉን እየገለበጥኩ ተባይ ፈለግሁ፤ የለም። ለጉንዳኑ ብዬ ከግንዱ ዙሪያ አመድ በተንኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ በአንተ ተናደድኩ። ስትቆፍር ሥሩን ቆርጠህብኝ ሄድክ፣ ሞተህም አታሳርፈኝም እያልኩ ለብቻዬ አጉረመረምኩ። አፉ በለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብሰድ ጭቃው እንደ ተበላሸ ሊጥ ሸተተኝ። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። ይህ ውሃ ከየት መጣ ብዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የቀትሩ ሶላት ዙህር ሲደርስ፣ ከቀወት ሊያጽናኑን የመጡ አንድ ሽማግሌ ከሎሚው ሥር እጅ እግራቸውን ታጥበው ዉዱእ አደረጉና አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጨምረው ግንዱ ላይ ደፉ። "ለተከለው ሰው ሰደቃ ይሁነው" አሉ። ለካ ዘሃራ ናት ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲህ አድርጉለት ስትል የከረመችው። የእኛ መረሬ አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። ወዳጆችህ ከፍቅር ብዛት ዛፍህን አሰጠሙት።

ለዘሃራ ስነግራት አለቀሰች። የዉዱኡን ቦታ ወደ አጥሩ አዛወርን፣ ከሎሚው ወደ ታች ቦይ ቀደድን። ዶማው ጠጠር በነካ ቁጥር ጎንበስ ብዬ በእጄ እዳስስ ነበር። እሷ ምን እንደሚያስደነግጠኝ አልገባትም።

ሰኞ ሹሙ መጣ። ከሰዎቹ አንዱ አካፋውን አፈሩ ላይ ሲተክል እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ራሱ ተናገረ። ጭቃውን አፍሼ ለሹሙ አሳየሁት። ስለ ዉዱኡም ስለ ሰደቃውም፣ አንተን ስለሚወድህ ሰው ሁሉ ነገርኩት። አስተርጓሚው ሲያስረዳው ጭቃውን አሸተተ፣ ቦዩን አየ፣ ሳቅ እንደ ማለት አለና ሰዎቹን መልሶ ይዞ ሄደ። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የነገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልነገርኩት ከእግሩ ሥር ነበር።

አሁን ሎሚህ ከጫፍ ከጫፉ ለምለም ቅጠል አውጥቷል። አደራህም ባለበት አለ፤ ወንድምህ ገና አልመጣም። ሎሚ የሚለቅመው ወታደር በመጣ ቁጥር ዓይኔን ከግንዱ ሥር አርቄ በር እከፍትለታለሁ።

በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከዱዓዬ አይጎድልም። ሎሚህንም ውሃውን እየመጠንኩ እጠብቀዋለሁ። ይህ ወረቀት ግን ሰው እጅ መግባት የለበትም፤ እንደጨረስኩ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። አመዱንም አንተ እንዳስተማርከኝ ከግንዱ ዙሪያ እበትነዋለሁ።