መስኩ ላይ የተቸከለው ማሪና

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ። ከምሳ በኋላ

ስልክ ቻርጅ ላደርግ ሞላሌ ከተማ ወርጄ መጣሁ። ለሌላው ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ለኔ አንድ ሰዓት ከሩብ። የሚችለኝ ካለ ይምጣ። እትዬ እታገኝ በቴሌግራም የወረቀት ፎቶ ልካለች። ታላቄ ናት፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ። የአሠሪዋ ወንድም ማሪና አለው አለችኝ። ሚስቱ መስላኝ "ደህና ናት?" አልኩ። ሳቀች፣ ሳቀች። ማሪና ለካ የሀብታም ጀልባ ማቆሚያ ነው። ለሽርሽር የሚወጡበት ጀልባ።

ሰውየው ጠባቂ ይፈልጋል። ማክሰኞ 14 በቪዲዮ ያናግረኛል፣ እሷ ታስተረጉማለች። ወንድሜ ጀልባ ያውቃል ብላ ምላለታለች። እኔ ነኛ ያልኳት! ዝዋይ ሁለት ዓመት ጀልባ ጠብቄያለሁ አልኳት። ደብተሬ፣ ላንተ አልዋሽም፣ ከደብረ ብርሃን አልፌ አላውቅም። ግን ምን አለበት? በሬ የጠመደ ሰው ጀልባ ያቅተዋል?

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ። ጠ/ 2 ሰዓት

ወረቀቱን እያየሁ ነው። የዚያ አገር ማሪና በሙሉ ተዘርዝሯል። ስሙን አላነበውም፣ የፈረንጅ ነው። በቁጥር ግን እኔን የሚያህል የለም። አምስተኛ ክፍል ላይ ሳቆም በሒሳብ አንደኛ ነበርኩ። (ሁለተኛ። አንደኛው ግን ኮርጆ ነው።)

እትዬ በስልክ አስረድታኛለች። የመጀመሪያው ቁጥር ውኃ ላይ የሚቆመው ጀልባ። ሁለተኛው በደረቅ የሚቆመው። ሦስተኛው የትልቁ ጀልባ ርዝመት በሜትር። የኛ ሰውዬ፦ ውኃ ላይ 300፣ በደረቅ 120፣ ርዝመት 24። ሌላው፦ ውኃ ላይ 450፣ በደረቅ ባዶ። ሌላው ደግሞ 40 ብቻ፣ ርዝመቱ ግን 60! ሰውየው "ያንተ ካገሩ ሁሉ ይበልጣል" የሚለውን ሰው ይወዳል አለች፣ ስለዚህ አጥናው። ጉረኛ ነው ማለት ነው። ጉረኛ አልወድም።

ግን የቱ ነው የሚበልጠው? ብዙ የሚይዘው ወይስ ረጅም የሚይዘው? መቶ በግ ያለው ይበልጣል ወይስ አራት ጥማድ በሬ ያለው? ራሴ ዞረ።

ደግሞ በደረቅ! ጀልባ ደረቅ መሬት ላይ ምን ይሠራል? ልጠይቃት ስል አሠሪዋ ጠራቻት፣ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሞላሌ፣ ጋሼ ደምሴ ጋ ሄድኩ። ድሮ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፣ በዚህ አገር ባሕር ያዩ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ለዘመድ ነው የምጠይቀው አልኳቸው። መርከብ አራግፎ ይሄዳል እንጂ ከርሞ አያውቅም አሉ። የሚከርም መርከብ የተበላሸ ነው። በደረቅ የወጣማ አለቀለት፣ ለብረቱ ነው የሚሸጠው።

እንዲህ ከሆነ አራት መቶ ሃያውም ብልሽት ነው! ማሪና ማለት ጋራዥ ነው! ለእትዬ ወዲያው ድምፅ ላክሁ፣ ጥገናም እችላለሁ በይው ብዬ። መልሷ አጭር። "አንተ፣ ዝዋይ የጠበቅከው ምንድነው?"

ኔትወርክ የለም ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

አስረዳችኝ። ጀልባዎቹ ጤነኛ ናቸው። ባለቤቶቹ በዓመት ሦስት አራት ቀን ይወጡባቸዋል፣ ሌላውን ጊዜ ቆመው ነው። ለመቆሚያውም ይከፍላሉ። አያርስ፣ አይጭን፣ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባል። አባባ ይህን ቢሰሙ ጠበል ይወስዱኝ ነበር። በደረቅ የሚባሉትን ደግሞ ማንሻ መኪና ከውኃ ያወጣቸውና መደርደሪያ ላይ ይሰቅላቸዋል፣ አንዱን ባንዱ ላይ። ቆጥ ላይ! ዶሮ ናቸው እንዴ?

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

በዓይኔ ካላየሁት አይገባኝም አልኩ። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ገመድና ችካል ይዤ ወደ ጋራው ግጦሽ ወጣሁ። አንድ ጀልባ 12 እርምጃ፣ ወርዱ አራት። ቸከልኩ። ገመድ ወጠርኩ። ስድስት ጀልባ። ዐሥር ጀልባ። ደስ ይላል! ዐሥራ አንደኛው ላይ ቆሜ ሳየው የመሀለኞቹ መውጫ የላቸውም። ታፍነዋል። ነቀልኩ፣ መሀሉን መንገድ አደረግሁት፣ አራት ጀልባ ጠፋብኝ። ቦታው ያው ነው፣ ጀልባው አነሰ። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከነመንገዱ ነው ወይስ ያለ መንገዱ? እንጃ።

እዚህ ላይ እያለሁ ጎረቤታችን እማማ አስካለ ከላይ ኡኡታውን ለቀቁት። ችካሉን አይተው ነው። እኛ አገር ችካል ማለት መሬት ነው፣ መሬት ማለት ደግሞ ሰው የሚሞትበት።

"አንተ ማነህና ነው የሰፈሩን ግጦሽ የምትሸነሽነው? ማን መርቶ ሰጠህ?"

ሰዉ ዱላ ዱላውን ይዞ ወጣ። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፍቼ፣ "ማሪና ነው! መቶ ሃያ ጀልባ ይይዛል!" አልኩ። ያ ሁሉ ዱላ ወረደ። ከዚያ እማማ አስካለ ቀስ ብለው፣

"ውኃው በየት በኩል ሊመጣብን ነው?"

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ወሬው ዘመሮ ደርሷል። ግድብ ሊሠራ ነው፣ መስኩ ሐይቅ ሊሆን ነው፣ የጌታነህ ልጅ (እኔን ነው) መሬት ለኪ ሆኗል። የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ ክንዴን ይዞ ቤቴ ይነካል ወይ አለኝ። አንዱ ጎረምሳ ዋና አስተምረኝ አለ። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር፣ የምሩን ነው። ሽማግሌዎቹ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አባባን ሊጠይቋቸው ነው፣ ልጅህ በማን ፈቃድ ለካ ብለው። አባባ አላናገሩኝም። እህልም አልቀመሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ የሚካኤል ዕለት

ደጀ ሰላሙ ጋ አቆሙኝ። አባባ አጠገቤ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት። ግድብ የለም አልኩ። አላመኑም። ታዲያ ጀልባውስ? አንተ ጀልባ ጠባቂ ነኝ ስትል አልነበር? እውነታቸውን ነው። ዝዋይን ያላወራሁለት ሰው የለም፣ ጠላ ቤት ሁሉ። አሁን ጠባቂ ነኝ ካልኩ ግድቡን ያምናሉ። አይደለሁም ካልኩ እኔ ምን ቀረኝ?

አልኩት። ከፎቶ በቀር ጀልባ አይቼ አላውቅም አልኩ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። እማማ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "እሰይ! ውሸታም ብቻ ነው ለካ፣ ውኃ የለውም!" አባባም ሳቁ። እነሱን ቀለላቸው። የኔ ፊት ግን እስካሁን ይነዳል።

ደግሞ ሌላ መጣብኝ። እዚህ የዋሸሁትን የከፈልኩት እኔ ነኝ። እዚያ ግን የማለችው እትዬ ናት።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ለእትዬ ነገርኳት። ሁሉንም። ትጮኻለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው! እሷም ስትሄድ ልብስ መተኮስ እችላለሁ ብላ ነው የሄደችው። ካውያ ነክታ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን የእመቤቲቱን የሐር ቀሚስ አቃጠለች፣ አለቀሰች፣ ለመደች። "አንተም ትለምዳለህ። ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅ፣ እኔ አሳምሬ እተረጉመዋለሁ።"

ደስ ሊለኝ አይገባም? አላለኝም። እሷ ያቃጠለችው ቀሚስ ነው። እኔ የሰው ጀልባ ከዚያ ቆጥ ላይ ብጥል የሚጠይቁት እሷን ነው፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ፓስፖርቷ በእጃቸው ሆኖ። ይህንኑ አልኳት። ሥራ አትፈልግም ወይ አለች። እፈልጋለሁ፣ በጣም። እንግዲያ ዝም በል አለችና ዘጋች።

ችግሩ ይገባሃል ደብተሬ? እውነት ብናገርም በሷ አፍ ነው የሚያልፈው። እኔ አላውቅም ስል እሷ ያውቃል ብትለው በምን እለየዋለሁ?

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ። ጠ/ 4 ሰዓት ተኩል

ቀጠሮው 5 ሰዓት ነው። ሞላሌ፣ ጋሼ ደምሴ በራፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ኔትወርኩ እዚህ ይሻላል። ለዘመድ ሳይሆን ለራሴ ነው ብዬ ነገርኳቸው። "ይኼን ታዲያ ማን ያጣዋል?" አሉ። አሰብ ከወደብ ወዛደሮች የለመዱት ዓረብኛ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩኝ አልኳቸው፣ አጠር ያለ።

አስተማሩኝ። መርከብን እነሱም መርከብ ነው የሚሉት! ለጀልባም ይሆናል ወይ ብላቸው፣ ሰውየው ካልገባው አንተ ምን አገባህ አሉ። ሃያ ጊዜ አስደገሙኝ። እንዳንተ ቶሎ የያዘ የለም ብለውኛል። (አላሉም።)

እትዬ ትቀየመኛለች። ሥራውም የሚቀር ይመስለኛል። ወይ ላይቀር ይችላል፣ እንጃ፣ ምንም አላውቅም ዛሬ። ይችን ብቻ አውቃለሁ፦ እሷ አፏን ሳትከፍት እቀድማለሁ። ሰውየውን ዓይን ዓይኑን አይቼ፣ በገዛ አፌ፣ ማንም ሳይተረጉምልኝ። አና ማ ሹፍት መርከብ። መርከብ አይቼ አላውቅም።

ስልኩ እየጠራ ነው። ገና ለ5 ሩብ ጉዳይ ነው እኮ! አና ማ ሹፍት