ጥሩምባ ያስነፋ ሹመት

ይድረስ ለልጄ ለሃኒ። ይህን ቀን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን፤ የሃምቡርግ ብርድ አይድፈርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠርቼልሻለሁ! የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆንኩ ብለሽ የደወልሽልኝ ማለዳ ቤቱ ጠበበኝ። የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ተሰማን ለምኜ ጥሩምባ አስነፋሁልሽ። የሚነፋው ለሞት ብቻ መሆኑን በደስታ ረስቼው! «የወይዘሮ ወለተሰንበት ልጅ ሃኒ...» ብለው ሲጀምሩ፣ የቀረውን ማን ሰምቶ! ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ወረደ። መሐል ገብቼ «ኧረ ተሹማ ነው!» ብዬ እልል ስል፣ ለቅሶው በእልልታ ተተካ።

ጎረቤቴ ፈሪዳ እንባዋን እየጠረገች፣ «ልብ ወለድ አንብቦም ይሾማል እንዴ?» አለችኝ። «ሃያ ዓመት አንብባ፣ አስተምራ፣ ጽፋ ነው!» ብዬ ኩም አደረግኳት። ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ወንዶችም ቁርስ ሳይበሉ አልሄዱም።

አንቺም እራት ሳትበዪ መጽሐፍ ላይ እንዳትተኚ። እውቀትሽን ይባርክልሽ፤ ተማሪዎችሽም እንዳንቺ እናታቸውን ያስደስቱ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ጋሽ ተሰማ በጥሩምባ ጠርተውሽ ከምትመጪ፣ እኔ ስጠራሽ ነይልኝ።

እናትሽ ወለተሰንበት፣ ከልደታ