ከአራት በታች ነው ያልኩት ቁጥር

አባየ፣ አፈሩ ገለባ ይሁንልዎትና፣ ከተለዩን ሰባት ወር አለፈ። በዚህ ሰባት ወር ስንት ጊዜ መቃብርዎ አጠገብ ቆሜ ተመለስኩ። ፊት ለፊት ያልነገርኩዎትን ለድንጋይ መናገር ከበደኝ። አሁን ቡሬ፣ ተማሪዎቼ ወጥተው ባለቁበት ክፍል ቁጭ ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ስለ ደምዎ ምርመራ ሳልነግርዎት የቀረ ነገር አለ፤ እሱን ሳያውቁ ነው የሄዱት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርዎት፣ ቢኖሩ ቀድመው የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። በርበሬው ዘንድሮ አልሆነም፤ ዝናቡ አልወጣ ብሎ ግማሹ ከሥሩ በሰበሰ። በቆሎው ደህና ነው። እርሻውን ወንድሜ አምባው ይዞታል። ከጎረቤታችን ከአያ ደሴ ጋር ግን አይነጋገሩም፤ እርስዎ በለቀቁለት የወሰን መሬት ላይ አያ ደሴ ጤፍ ዘርቶበታል፣ አምባው በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። እማየ ከስታለች። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማርያም ትሄድ ነበር፣ ነገር ግን ቅጥሩን አልፋ አትገባም፤ ከበሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለስ ነበር። ለምን ሲሏት፣ ስለቱን ማርያም ያልተቀበለችው ቤት ሰው በምን ፊቱ ይገባል ትል ነበር። ለመናገር የቆረጥኩት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምናውን አድርገው የወጡ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? የፕሮስቴት እጢውን ካወጡልዎት በኋላ፣ በየሦስት ወሩ ደም እየሰጡ በሽታው ቢመለስ የሚያሳየውን፣ ፒኤስኤ የሚሉትን ቁጥር እንድናስለካ ታዘዝን። ያን ሁሉ ዓመት ሽንትዎ ሲያስቸግርዎት ለእማየ እንኳ ሳይተነፍሱ ኖረው፣ ከተሻለዎት በኋላ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ መስበክ ጀመሩ። እማየ ጓዳ ሆና ትስቅብዎት ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት ከምንም የማይቆጠር ነበር። ሁለተኛውን በታኅሣሥ ፍኖተ ሰላም አስመረመርን። እርስዎ የበቆሎ ፍልፈላው ሰው ይፈልጋል ብለው ደምዎን እንደሰጡ ስለተመለሱ፣ ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ከጎኑ ደግሞ የጤነኛ ሰው ከዜሮ እስከ አራት ነው የሚል ታትሞበታል። አራተኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ከአራት እንደሚያንስ ማን ይነግረኛል? ለሐኪም ማሳየት ነበረብኝ። ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ የቡሬው መኪናም ሊሞላ ነበር፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በስልክ «ደህና ነዎት አባየ፣ ነጻ ነው» አልኩዎት።

ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ነበረብኝ። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ለማርያም ጥላ አገባለሁ ብለው መሳልዎን ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። በአስተርእዮ ማርያም ያን ዘርፋም ጥላ ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው ከታቦቱ ጋር ሲዞሩ፣ ካህኑም ስምዎን ጠርተው ከክፉ በሽታ ዳነ ብለው ለሕዝቡ ሲናገሩ፣ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል ብያለሁ። እንደዚያን ቀን ኮርቼብዎት አላውቅም።

ስለቱ ከገባ በኋላ ደም መስጠት ነውር ሆነ። ቀጠሮው እንደደረሰ ሳስታውስዎት፣ «ስለቴን አግብቼ ሳበቃ እንደገና ባስመረምር፣ እመቤቴን መፈታተን አይሆንብኝም?» አሉኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና ደስም አለኝ፤ መንገዱ ሰልችቶኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ዳሌዎን ያመዎት ጀመር። የእርሻ ድካም ነው ተባለ። ጥቅምት ላይ መቀመጥ ሲያቅትዎት ባሕር ዳር ወሰድንዎት፣ ቁጥሩም ሠላሳ ስምንት ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ አስረዳኝ። ያ እስከ አራት የሚለው እጢው ላለበት ሰው ነው፤ እጢው ለወጣለት ሰው ግን ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት፣ ከፍ ማለት ከጀመረ ጥቂትም ብትሆን ሐኪም ማየት አለበት። ሰርዶ ከተነቀለበት ማሳ ላይ አንድ ቅጠል ብቅ ካለ ሥር ቀርቷል ማለት ነው አለኝ። ያኔ በታኅሣሥ ብንመጣ ኖሮ ጨረር ሊሞከርልዎት ይችል ነበር። ያድንዎት እንደነበር ግን እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ አልቻለም። እርስዎ ውጭ አግዳሚው ላይ በአንድ ጎንዎ ጋደም ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ወጥቼ፣ በሽታው አገርሽቷል ብቻ አልኩዎት።

«ምን በድዬ ይሆን?» አሉኝ።

መርፌ ታዘዘልዎት፤ ሕመሙን ትንሽ አስታገሰው። የቀረውን ጊዜዎን ኃጢአትዎን ሲፈልጉ ጨረሱት። የንስሐ አባትዎን በየሳምንቱ ያስጠሩ ነበር። በጎረምሳነትዎ ከመቱት ሰው ዘንድ እንኳ ሽንዲ ድረስ ሰው ልከው ይቅርታ ጠየቁ። ሽማግሌ ሁሉ ለእርስዎ የፈረደበትን የአያ ደሴን ወሰንም፣ በቃሬዛ ተሸክመን ወስደንዎት፣ የወሰኑን ድንጋይ ወደ ራስዎ ማሳ አስገቡት። አያ ደሴ ራሱ አፍሮ፣ «ኧረ ይተዉት፣ እኔም ረስቼዋለሁ» ብሎዎት ነበር። እኔ ከቃሬዛው ራስጌ ቆሜ ጥላ ይዤልዎት ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ያ ድንጋይ ከቦታው አይነሣም ነበር።

ፈርቼ ነው። ልጄ ገደለችኝ ብለው ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ እንደማይሉኝ ግን አሁን አውቃለሁ፤ «በይ ተይው፣ ሰው አይደለሽም እንዴ» ይሉኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ባለፈው እሑድ ለእማየ ነገርኳት። ሽንብራ ትለቅም ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች። ያን ሁሉ ወር ኃጢአቱን ሲያስስ እያየሽ ነው ዝም ያልሽው? አለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ። የራሴን ይቅር ብዬሻለሁ፣ የአባትሽን ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም፣ የእሱ ነው አለች። በማግሥቱ ማርያም ሄዳ ቅጥሩን አልፋ ገባች። ልሸኝሽ ስላት ግን እምቢ አለችኝ።

ግንቦት ላይ ዓመትዎ ሲወጣ፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ለአምባውም ለአያ ደሴም እናገራለሁ። ወንድሜ ሊጠላኝ ይችላል፤ ይጥላኝ። ከዚያ በኋላም በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስምዎን በጸሎት ሳነሣ፣ ነፍስ ይማር ብቻ ብዬ አላልፍም፤ ያደረግሁትን አብሬ አነሣለሁ። ለመርሳት አልሞክርም። ይቅርታዎን የምቀበልበት መንገድ እንደሌለ አውቃለሁ። ይህን ግን ይስሙኝ፣ አባየ፦ ሲፈልጉት የኖሩት ኃጢአት አልነበረብዎትም። ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ልጅዎ እናኑ