የሱን ደቂቃ እኔ፣ የኔን እሱ

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ገበያ ቀዝቅዟል። እስከ ምሳ ሁለት ጥቅል ገመድ ብቻ። ጆንያ የጠየቀ ሰው የለም።

አስር ሰዓት ላይ የምርጫ ክርክሩ በሬዲዮ ተጀመረ። ጠይብ ባልዲና ሳፋውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ በርጩማው ላይ መጥቶ ተቀመጠ። በርጩማው የሱ ነው፤ የሚያድረው ግን እኔ ሱቅ ነው። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን።

እኔ የዣንጥላው ፓርቲ ነኝ፣ እሱ የድልድዩ። ደንባችን የታወቀ ነው። የሱን ፓርቲ ደቂቃ እኔ እይዛለሁ፣ የኔን እሱ። አወያዩ ስንቴ እንዳቋረጠም በአንድ ደብተር ላይ በጭረት እንመዘግባለን። ያደሉለት ሻይ ይገዛል። ደንቡን ያወጣችው ሚስቴ ሸዋገነት ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ስንጨቃጨቅ ሰልችቷት "ሰው ለራሱ ሲሰፍር እጁ ይረዝማል፤ ያንተን እሱ ይያዝ፣ የሱን አንተ" አለችን። በርበሬ ነጋዴ አልነበረች? ስለ መስፈር ከማን ታንሳለች።

ዛሬ የተከራከሩት ስለኛው ነው። የመርካቶ ጭድ ተራ ትንንሽ ሱቆች ይነሱ ወይስ ባሉበት ይታደሱ። ድልድይ ይነሱ ይላል። ጠይብ የድልድይ ሰው ሆኖ በዚህ ግን አይስማማም። "ፓርቲ ደገፍኩ እንጂ ጭንቅላቴን አልሸጥኩ" አለኝ።

ዣንጥላ አስራ አምስት ደቂቃ፣ ድልድይ አስራ ሁለት ከአስር። ሻይ ገዛሁ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ቴሌቪዥኖች መጡ። አንዲት ልጅ ማይክ ይዛ፣ አንድ ወጣት ካሜራ ተሸክሞ። ስለ ክርክሩ የነጋዴ አስተያየት ነው የሚፈልጉት። ሱቃችን በር ላይ ጎን ለጎን አቆሙን።

መጀመሪያ እኔ። ዣንጥላን እንደምደግፍ፣ እዚህ ልጅ እንዳሳደግኩ፣ ሚስት እንደቀበርኩ... ብዙ አወራሁ። ማይክ ሲያዩ የማያባራ አፍ አለኝ። መጨረሻ ላይ ቀልድ ብጤ ጣል አደረግኩ። "እርግጥ ከኛም ግማሹ ሌባ ነው። ሜትር የሚያሳጥር ገመድ ሻጭ ሞልቷል" አልኩ። ካሜራ የያዘው ሳቀ። ጠይብ እግሬን ረገጠኝ።

ከዚያ እሱ። ያለውን ሁሉ አስታውሳለሁ። "ሰው ስለኛ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? የመርካቶ ነጋዴ ሌባ ነው፣ ቢነሳም አያሳዝንም ይላል። እኔ ሱቄን ክፍት ትቼ ሰላት ሄጄ ስመለስ አንድ ባልዲ ጎድሎብኝ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰፈር ካፈረሱት በኋላ የት ሊሠሩት ነው?"

አጭር። ጥሩ። ቀናሁበት።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ተሳልሜ እስክመለስ ጠይብ አምስት ጆንያ ሸጦልኝ ጠበቀኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ማታ አንድ ሰዓት ዜና ላይ ወጣን። ቤቴ ብቻዬን ሆኜ አየሁ። ከልማድ ሰዓቴን ይዤ። እኔ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ። ከኋላዬ ክራር አስገብተውልኛል። ስለ ሸዋገነት ስናገር ፊቴን አቅርበው... አምሮብኛል። የሌባው ነገር የለም። ከሥሩ ቆርጠው ጥለውታል።

ጠይብ፣ ዘጠኝ ሰከንድ። "የመርካቶ ነጋዴ ሌባ ነው፣ ቢነሳም አያሳዝንም።" ከስሩ "የድልድይ ፓርቲ ደጋፊ" የሚል ጽሑፍ። በቃ።

ለራሴ ምን እዋሻለሁ... መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቀጥሎ ነው ጠይብ የታሰበኝ።

ሚያዝያ 25፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ ስልክ። "ጋሼ አለሙ አኮራኸን!" የማላውቀው ሰው ሁሉ ደወለ። ጠይብ አልደወለም።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

ዘጠኙ ሰከንድ በየስልኩ ገብቷል። በረንዳው ሁሉ እሱን ያያል። ሰዉ በጠይብ ሱቅ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

ምንይሉ መጣ። የተራችን የነጋዴ እድር ጸሐፊ ነው። ጠይብ ደግሞ የእድሩ ዳኛ። አስራ አንድ ዓመት መርቶናል። "የራሱን እድርተኛ ሌባ የሚል ዳኛ አንፈልግም። ግንቦት ዘጠኝ ስብሰባ ነው፤ እርስዎን እናስመርጣለን ጋሼ" አለኝ። እኔ? አልፈልግም አላልኩም። እስቲ እናያለን አልኩ። እስቲ እናያለን ማለት ምን ማለት ነው?

እንዲህ እያወራን ጠይብ ገባ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

"አለሙ፣ አንተ አጠገቤ ነበርክ። ያልኩትን ንገረው።"

ምንይሉ አየኝ። ሁለት እድርተኞችም በር ላይ ቆመዋል።

"ጋሪ እያለፈ ነበር..." አልኩ። "ጫጫታ ነበር፤ በደንብ አልሰማሁም።"

 ጠይብ በርጩማውን አንስቶ ወጣ።

ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ

የምን ጋሪ? ምንም ጋሪ አልነበረም።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

ጠይብ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን ቆለፈው። በሃያ ስድስት ዓመት ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁሌ "እያት" ብሎኝ ነበር የሚሄደው። ሌላ ቃል የለም፤ "እያት" ብቻ። እኔም የሳፋውን ዋጋ ከገመዴ ዋጋ እኩል አውቀዋለሁ። ዛሬ አንዲት ሴት ትልቅ ሳፋ ፈልጋ መጣች። የለም ሄዷል አልኳት። አዲስ ቁልፍ ነው፤ ገና ቅባቱ አልለቀቀም።

እሷ ስትሄድ የሸዋገነት ድንኳን ትዝ አለኝ። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ከሆስፒታል ስመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ነው የጠበቀኝ። ጠይብ በእድር ዳኛነቱ ማድረግ ያለበትን አደረገ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዘው ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። አላጽናናኝም። ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ራት አልበላሁም። ለማን ብዬ ልሥራ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ሁለተኛው ክርክር። ብቻዬን ሰማሁ። ዣንጥላን በእጅ ሰዓቴ፣ ድልድይን በስልኬ ያዝኩ። ሁለቱንም እኔው።

ዣንጥላ አስር ከሠላሳ፣ ድልድይ አስራ ሦስት ሆኖ ቁጭ አለ። ተናደድኩ። ለባዶ ሱቅ "ይሄ ነው ሚዛናዊነት?" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ነቃሁ። አወያዩ ዣንጥላን ሲያቋርጥ ሰዓቱን ቶሎ ብዬ አቁሜያለሁ። ድልድይን ሲያቋርጥ ግን ስልኩን ዝም ብዬ ለቅቄዋለሁ፤ የአወያዩ ወሬ ሁሉ በድልድይ ላይ ተቆጥሯል። ሆን ብዬ አይደለም... ወይስ ነው? እጄ ብቻውን ነው የሠራው።

ሸዋዬ፣ ልክ ነበርሽ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ጣቢያው ደወልኩ። ከአራት ሰው በኋላ ያችኑ ማይክ የያዘችውን ልጅ አገናኙኝ። ትሁት ናት፤ ጋሼ ጋሼ ትለኛለች። የጠይብን ሙሉ ንግግር እንዲያወጡ ጠየቅኳት። ሰዓት አይበቃም፣ ሁሉን ማውጣት አይቻልም አለችኝ። ለኔ አንድ ደቂቃ ከአርባ ከየት ተገኘ? "የርስዎ ጥሩ ስለነበረ ነው ጋሼ።" ታዲያ ግማሹ ሌባ ነው ያልኩትስ የት ገባ?

"እሱንማ ለርስዎ ብለን ነው የቆረጥነው" አለች። "ሰው እንዳይቀየምዎት።"

ለእሱስ ማን አሰበለት?  ቀጥሎ ስብሰባ አለብኝ ብላ ዘጋች።

ልጅቷን ሰድቤ ልጽፍ ነበር። ግን እሷ መቀሷን ነው ያነሳችው። እኔ ቆሜ የሰማሁት ሰውዬ ምን አደረግኩ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ...

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ዛሬም ቆለፈ። ምንይሉ አርባ ሰው ለርስዎ ቆርጧል አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሁለት ሳምንት አደረ። በራሱ የሚጠራ አይመስለኝም።

ግንቦት 9፣ እሁድ

 

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ሰው ሞልቷል። ጠይብ እንደ ወትሮው ከፊት ተቀምጦ አጀንዳ አነበበ። የራሱንም መነሳት፣ "ሁለተኛ፣ የዳኛ ምርጫ" ብሎ እንደ ሌላው አጀንዳ ነው ያነበበው። ምንይሉ ተነሳና የኔን ስም ጠራ። ተጨበጨበ።

ተነሳሁ። የደቂቃ ደብተራችንን ይዤ ነበር። ትናንት ማታ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። አነበብኩት።

"ሚያዝያ ሃያ አራት። አለሙ አንድ ደቂቃ ከአርባ፣ ጠይብ ዘጠኝ ሰከንድ" አልኩ። ከዚያ ጠይብ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ ባልዲውም፣ ሰው ስለኛ ምን እንደሚል ብሎ እንደጀመረም። ጋሪ አልነበረም አልኩ። ሰምቻለሁ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጨዋ ሆኜ እቀር ነበር። ግን ሌላ መስመር ቀርቶኛል። የኔው መስመር።

"ሌባ ያልኳችሁ እኔ ነኝ" አልኩ። "ከኛም ግማሹ ሌባ ነው፣ ሜትር የሚያሳጥር ገመድ ሻጭ ሞልቷል ብያለሁ። ለኔ ሲሆን ቆረጡልኝ።"

 ከኋላ አንዱ "ግማሹ ማን ማን ነው ጋሼ? ስም ይጥሩልን" አለ። ሌላው ሳቀ። አብዛኛው ግን አልሳቀም። ምንይሉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አላየኝም። ሃያ ዓመት ገመድ የሸጥኩላቸው ሰዎች ፊት ሲጠቁር አየሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ዳኛው ምን ይላል ተባለ። ጠይብ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ሌላ አስተያየት ያለው አለ?" አለ። ማንም የለም። "ወደ ሦስተኛው እንለፍ።"

ሦስተኛው የድንኳን ሸራ ጥገና ነበር። አስራ አንድ ዓመት እንደሚያደርገው አድርጎ መራ። ወደኔ አንዴም አልዞረም።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ስም ወጥቶልኛል። "ጋሼ ግማሹ።" የተራው ጎረምሶች ናቸው። ገመድ የሚገዛ ሁሉ ሜትሩን ራሱ ይዞ ይለካል። ይለካ። አንድ ጣት አልጎደለም።

ምሳ ብቻዬን። ቆርቆሮው ማዶ ጠይብ ሳፋ ሲደረድር ይሰማኛል።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ቆለፈ። እኔ ደግሞ "እያት" ይለኛል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሳይ... የሽማግሌ ሞኝ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

የመጨረሻው ክርክር። አስር ሰዓት። ሬዲዮውን ከፈትኩ። ከማዶም የሱ ሬዲዮ ተከፈተ። አንድ ጣቢያ ነው፤ ድምጹ በሁለት በኩል መጣብኝ።

ድልድይን ብቻ ያዝኩ። በደንቡ መሠረት። ዣንጥላን የሚይዘው ሰው የለም፣ ቦታው ባዶ ይሁን አልኩ። ሲያቋርጡት አቆምኩ፣ ሲቀጥል ለቀቅኩ። እጄ እንዳይረዝም ትንፋሼን ይዤ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ድልድይ፣ ዘጠኝ ከአርባ።

ሬዲዮው ተዘጋ። የሱም። ጋሪ እንኳ አላለፈም።

ከቆርቆሮው ማዶ ድምፁ መጣ።

"ዣንጥላ፣ አስራ አንድ ከሃያ።"

 ያለኔ ሲይዝልኝ ነበር። ባለፈውም ይዞ ይሆን? እንደምንም "ድልድይ፣ ዘጠኝ ከአርባ" አልኩ።



"ዘጠኝ ከሃምሳ ነው" አለ። "ካሁን በኋላ የራሴንም እይዛለሁ።"

 አርባውን ሰርዤ ሃምሳ አደረግኩት። ከዚያ ሁለት ሻይ አዘዝኩ። አንዱን ወደ ማዶ ላኩት። ብርጭቆው ባዶውን ተመለሰ።